ተማሪውና የሰፈሩ ጉዳይ፦ የካንጋተን ምልልስ

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በማኅበረሰቡ ውስጥ ኃላፊነት የተሞላበት ተግባር ፈጸመ የሚባለው አንድን የጋራ ችግር ራሱ አይቶ፣ ጠይቆና አጣርቶ፣ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ መርጦ ሲሠራና ያደረገውንም ለሚመለከተው ሰው ሲያስረዳ ነው። ታዝዞ መሥራት ከዚህ ይለያል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይምታታል።

የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ካንጋተን በደቡብ ኦሞ ዞን ከኦሞ ወንዝ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። ወረዳው ቀድሞ የኩራዝ ወረዳ አካል ነበር። ነዋሪው በአብዛኛው ከብትና ፍየል የሚያረባ፣ በወንዝ ዳርም ማሽላ የሚዘራ የኛንጋቶም ሕዝብ ነው። ይህ ምልልስ ጉዳዩን በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሁኔታ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ አራተኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት፣ ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ከጂንካ የመጣ ባለሙያ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል የሆኑ ሽማግሌ። ሽማግሌው የሚናገሩት በኛንጋቶም ቋንቋ ሲሆን እዚህ የቀረበው ትርጉሙ ነው።

መምህርት፦ የትምህርት ቤት ግቢ በየሳምንቱ ይጸዳል፤ ተማሪዎች ችግኝ ይተክላሉ፤ በበዓል ቀን ተሰልፈው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ በሪፖርት ላይ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ተብሎ ይሰፍራል። ከዚህ ሌላ የሚጠበቅ ነገር ምንድን ነው?

ባለሙያ፦ የተማሪው ውሳኔ ነዋ! ግቢው እንዲጸዳ የወሰነው ርእሰ መምህሩ ነው። ችግኙ የትና መቼ እንደሚተከል የወሰነው ወረዳው ነው። ልጁ የያዘውን መፈክር የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ተማሪው ጉልበቱን ሰጠ እንጂ ሐሳቡን አልተጠየቀም። ግቢ መጥረግ ላረፈደ ተማሪ ቅጣት በሚሆንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ልጁ የሚማረው ንጽሕና የጥፋተኛ ሥራ መሆኑን ነው።

መምህርት፦ ሥርዓተ ትምህርቱ ግን ጉዳዩን አልረሳውም። የቀድሞው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ ከአሥራ አንዱ እሴቶች መካከል ኃላፊነትን እና የነቃ ማኅበረሰባዊ ተሳትፎን ለየብቻ ምዕራፍ ሰጥቶ ያስተምር ነበር። አሁንም ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ግብረ ገብ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል።

ባለሙያ፦ ይሰጣል፤ ፈተናውም ይወጣል። «የኃላፊነትን ትርጉም ጻፉ» ለሚል ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ ግን አንድም ቀን ኃላፊነት ተሰጥቶት ላያውቅ ይችላል። ሕጉም ቢሆን ከዚህ የበለጠ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በ1990 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በ31ኛው አንቀጹ የልጅን ግዴታ ጭምር አስቀምጧል። ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ቤተሰቡንና ማኅበረሰቡን የማገልገል ኃላፊነት አለበት ይላል። ቻርተሩ ልጅን እንደ መብት ባለቤት ብቻ ሳይሆን እንደ አገልጋይም ማየቱ ለአፍሪካ ወላጅ እንግዳ አይሆንም።

ሽማግሌ፦ ለእኛስ ይህን ማን ይነግረናል? የኛንጋቶም ልጅ በእግሩ መሄድ እንደ ጀመረ ግልገል ይጠብቃል። ጠንከር ሲል ፍየል፣ ጎርመስ ሲል ከብት ይከተላል። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይከላከላል። ሴቷ ልጅ ውሃ ትቀዳለች፤ ታናሿን ታዝላለች። አንዲት ፍየል ብትጠፋ ልጁ የት እንደጠፋች፣ ስንት ሰዓት እንዳያት፣ በየት በኩል እንደፈለጋት ለአባቱ ይናገራል። እናንተ ኃላፊነት የምትሉት ይህ ከሆነ ትምህርት ቤት ሳይመጣ በፊት ያውቀዋል።

ባለሙያ፦ አባት፣ የጉዳዩ ዋና ነጥብ እሱ ነው። ደገኛው መምህር አርብቶ አደር ቀበሌ ሲመደብ ልጁን ባዶ እጁን እንደመጣ ይቆጥረዋል። የዚህ አገር ልጅ ግን በስምንት ዓመቱ የቤተሰቡን ሀብት ተረክቦ ማታ ቆጥሮ ያስረክባል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ ችሎታ ይረሳና እጁን አጣምሮ እንዲቀመጥ ይደረጋል።

መምህርት፦ ወላጅም ቢሆን ከፍየሉ አልፎ ለሰፈር ጉዳይ ልጅን አያምንም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ልጆች ስለ ውሃ ጉድጓድ ወይም ስለ በሽታ ሐሳብ ሲያቀርቡ ማን ይሰማቸዋል?

ባለሙያ፦ ልጁ ሊጡን ብቻውን እንዲያቦካ ከተተወ ተረቱ እውነት ነው። ያልበሰለ ሐሳብ ይዞ ሽማግሌ ፊት የቆመ ልጅ ይዋረዳል፤ ሁለተኛም አይሞክርም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚጨምረው ጉልበትን አይደለም፤ ጉልበትማ ልጁ ድሮም አለው። የሚጨምረው የማጣራት ዘዴ ነው። ጠይቆ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ አነጻጽሮ የመጣ ልጅ የሚናገረው ነገር አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪሙ ዴቪድ ሞርሊና የትምህርት ባለሙያው ሂዩ ሆውስ «ከልጅ ለልጅ» የተባለውን አሠራር የጀመሩት ይህንኑ ይዘው ነው። ልጆች አንድ የጤና ጉዳይ ይመርጣሉ፤ በቤታቸውና በሰፈራቸው ያለውን እውነታ ያጣራሉ፤ ያገኙትን ተወያይተው ያቅዳሉ፤ ይሠራሉ፤ ከዚያም ምን እንደተለወጠ ተመልሰው ያያሉ። አሠራሩ በብዙ አገሮች የተስፋፋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በድሃ ቤተሰብ ውስጥ ታናናሾችን የሚያጥበው፣ የሚያበላውና የሚጠብቀው ታላቅ ልጅ መሆኑን ስለተቀበለ ነው።

መምህርት፦ በዚህ አካባቢ የልጅ ሥራ የማኅበረሰቡን ጤና ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ?

ባለሙያ፦ የጊኒ ዎርም በሽታ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ፍለጋ ሲደረግ በኢትዮጵያ በሽታው የተገኘው በሁለት አካባቢዎች ነበር፤ አንዱ ጋምቤላ፣ ሌላው ደቡብ ኦሞ። በዚያን ጊዜ በዓመት ከሺህ በላይ ሕመምተኞች ይመዘገቡ ነበር። አባት፣ እርስዎ ያስታውሱታል?

ሽማግሌ፦ ትሉ ከእግር ሲወጣ ያየ ሰው አይረሳውም። በመጀመሪያ ቆዳው ያብጥና ይቋጥራል። ከዚያ እንደ እሳት ያቃጥላል። ሰውየው የሚያስበው ውሃ ብቻ ነው፤ እየተጎተተም ቢሆን ሄዶ እግሩን ኩሬ ውስጥ ይነክራል። ትሉ ብቅ ሲል እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ቸኩሎ የጎተተ ሰው ይበጥሰውና እግሩ ይመረቅዛል። የማሽላ ሥራ በደረሰበት ወቅት አባወራው ቤት ይተኛል።

ባለሙያ፦ ያ እግርን የመንከር ፍላጎት ነው በሽታውን ሲያዛምት የኖረው። ሴቷ ትል ውሃ ስትነካ እጅግ ብዙ እጭ ትረጫለች። እጩን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ይውጡታል። ያንን ውሃ ሳያጣራ የጠጣ ሰው ለወራት ምንም አይሰማውም። ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል ከሰውነቱ ይወጣል። በሽታው ክትባት የለውም፤ የሚፈውሰው መድኃኒትም የለም። እንዲያም ሆኖ በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ የነበረው በሽታ በ2023 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም የተመዘገቡበት ሕመምተኞች 14 ብቻ ሆኑ። በደቡብ ኦሞም ስርጭቱ ከተቋረጠ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ሁሉ የመጣው ሰዎች ውሃቸውን በጨርቅ ማጣራት፣ የታመመ ሰው ሲያዩ መናገርና ቁስል ይዞ ውሃ ውስጥ አለመግባት ስለጀመሩ ነው።

መምህርት፦ በዚህ ውስጥ የልጁ ድርሻ የት ላይ ነው?

ባለሙያ፦ ኩሬ ዳር የሚውለው ማን ነው? እረኛው ልጅ ነው። አዋቂው ሰፈር ውስጥ ከእንስራ ወይም ከጀሪካን ይጠጣል፤ ልጁ ግን ፍየሎቹ ከጠጡበት ይጠጣል። በሽታው ባለባቸው አገሮች ለእረኞች የሚታደለው ማጣሪያ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በአንዱ ጫፍ ላይ ወንፊቱ እጅግ የጠበበ የናይለን ጨርቅ አለው፤ በክር ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ልጁ ተንበርክኮ ቱቦውን ውሃው ውስጥ ይሰካና በእሱ ይጠጣል፤ ነፍሳቱ ጨርቁ ላይ ይቀራሉ። ያንን ቱቦ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ለጓደኛው የሚያውስ፣ ሲቀደድ ይቀየርልኝ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ለማኅበረሰቡ የሚሠራው ሥራ ከማንኛውም ሰልፍ ይበልጣል።

መምህርት፦ ስርጭቱ ከተቋረጠ ዛሬ ለተማሪው የሚቀረው ሥራ ምንድን ነው?

ባለሙያ፦ ማየትና መናገር። በጋምቤላ ውሾችና ዝንጀሮዎች ጭምር በዚህ ትል ተይዘው ስለተገኙ አገሪቱ ክትትሏን አላቆመችም። ደቡብ ኦሞም ከደቡብ ሱዳን ጋር ይዋሰናል፤ ከብትና ሰው ድንበሩን ይሻገራል። አንድ ጥርጣሬ ሲሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ መጣራት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ከእግሩ ትል የወጣ ሰው ወይም ውሻ ቢታይ ቀድሞ የሚያየው ውሎው ሜዳ ላይ የሆነ ልጅ ነው። ያ ልጅ ለማን እንደሚናገር ካላወቀ ግን ማየቱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክፍል ድረስ መጥታ ራሷን ታስተዋውቅ፤ ልጆቹ ፊቷን ይወቁ፤ የት እንደምትገኝ ይወቁ። ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።

መምህርት፦ ዓይነ ማዝም (ትራኮማ) በዚሁ መንገድ ሊታይ ይችላል። ትራኮማ የሚዛመተው በእጅ፣ በጨርቅና ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ስለሆነ ታላቅ ልጅ የታናሹን ፊት በየጠዋቱ ማጠቡ የመከላከያው አንዱ አካል ነው። ውሃ ሩቅ በሆነበት ሰፈር ግን «ፊትህን ታጠብ» ማለት ከባድ ነው።

ባለሙያ፦ እዚያ ላይ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሞክሩ ይደረግ። አንድ ኩባያ ውሃ የስንት ልጅ ፊት ያጥባል? በአንድ በኩል የተበሳ ጀሪካን ቢንጠለጠልስ? መልሱን ከመጽሐፍ ከሚቀዱ ይልቅ ሞክረው ቢያገኙት ይዘውት ቤት ይገባሉ።

ሽማግሌ፦ ስለ ዛፉም ይነሳ። በየዓመቱ ችግኝ ይመጣል፤ ልጆች ይተክላሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ፍየል ይበላዋል፤ ከፍየል የተረፈውን ፀሐይ ያደርቀዋል።

ባለሙያ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተገለጸ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር መላው አገር ይተክላል። ለደጋው ወቅቱ ትክክል ነው። በታችኛው ኦሞ ግን ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ በመስከረምና በኅዳር መካከል ደግሞ ጥቂት ይጥላል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሚገባው ደረቅ መሬት ውስጥ ነው። ይህን የካንጋተን ተማሪ ያውቃል፤ እናቱም ታውቃለች። ማንም ስላልጠየቃቸው ችግኙ ይሞታል። ልጁም ከዚህ የሚማረው የአዋቂ ዕቅድ ሳይፈጸም እንደሚቀር ነው። ይህ ጉዳት ከችግኙ ኪሳራ ይበልጣል።

መምህርት፦ ልጆችን ለማሳያ ያህል ማሰለፍ በሌላውም አገር የተለመደ ይመስላል።

ባለሙያ፦ የተለመደ ነው። ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር በ1992 እ.ኤ.አ. በዩኒሴፍ በኩል ባሳተመው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል አስቀምጦታል። የታችኞቹን ሦስቱን ተሳትፎ ብሎ አይጠራቸውም። እነሱም ልጁ ሳይገባው ለሌላ ሰው ዓላማ ሲውል፣ ለጌጥ ሲቆም እና ለይስሙላ ተናገር ሲባል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ደረጃ የሚጀምረው ልጁ ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ ሲያውቅ ነው። መምህር ልጆቹን ከማሰማራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ «ይህን ለምን ትሠራላችሁ?» መልሱ «መምህር ስላዘዘን» ከሆነ ሥራው ይቆይ።

ሽማግሌ፦ ልጆቹን ቢጠይቋቸው ዛፍ ከመትከል በፊት የእሾህ አጥር ይሠሩ ነበር። ግልገል የሚያሳድር ልጅ በረት እንዴት እንደሚታጠር ያውቃል። ቅርንጫፉ ጫፉ ወደ ውጭ፣ ግንዱ ወደ ውስጥ ሆኖ ይደረደራል፤ ፍየል አፍንጫዋን እሾሁ ሲወጋት ትመለሳለች።

መምህርት፦ እንግዲያው ክፍሉ በመጋቢት አሥር ኒም ይትከል፤ እያንዳንዱ በእሾህ ይታጠር፤ አንድ ችግኝ ለአራት ልጅ ይሰጥ። በዓመቱ የሚመዘገበው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይሁን።

ባለሙያ፦ አዎ፣ የሞተውም ለምን እንደሞተ ይጻፍ። ከዚህ ጋር ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ መታየት አለበት። ይህ መጤ ዛፍ በደቡብ ኦሞ ቆላ የግጦሽ መሬት እየወረረ ነው። ፍየልና ከብት ፍሬውን ይበሉና ዘሩን በፋንድያቸው በየቦታው ይጥሉታል። አዲስ ቡቃያ የት እንደወጣ ከእረኛ ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም። ተማሪዎቹ የመንደራቸውን ካርታ መሬት ላይ ስለው ቡቃያ ያዩበትን ቦታ በጠጠር ምልክት ያድርጉ፤ መምህርቷ ወደ ወረቀት ትገልብጠው፤ ለወረዳው የአርብቶ አደር ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። ያደገውን ዛፍ መቁረጥና መንቀል ግን የአዋቂ ሥራ ነው፤ እሾሁ ይጎዳል።

መምህርት፦ የልጅ ሥራ ወሰኑ የት ነው? ወላጆች ልጆቻችንን አደጋ ላይ ትጥሉብናላችሁ ቢሉ መልሱ ምን ይሆናል?

ባለሙያ፦ ሦስት ነገር ከልጅ እጅ ይራቅ። አንደኛው ወንዙ ነው። ኦሞ አዞ አለበት፤ ዳር ማጽዳት ወይም ውሃ መለካት ተብሎ ልጅ ወደ ወንዙ አይላክም። ሁለተኛው የአዋቂዎች ጠብ ነው። የግጦሽና የውሃ ግጭት፣ የድንበር ጉዳይ፣ የመሣሪያ ነገር የሽማግሌና የመንግሥት ሥራ ነው። ልጅ መልእክተኛም ወሬ አቀባይም መሆን የለበትም። ሦስተኛው የትምህርት ሰዓቱን የሚበላ ሥራ ነው። የሕገ መንግሥቱ 36ኛ አንቀጽ ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝና ለትምህርቱ፣ ለጤናው ወይም ለደኅንነቱ ጎጂ የሆነ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። የመምህራን ቤት እንዲለቀልቁ፣ ለመምህር ውሃ እንዲቀዱ ማድረግ በማኅበረሰብ አገልግሎት ስም ቢሸፈንም ብዝበዛ ነው።

ሽማግሌ፦ ስለ ወንዙ ልጆች ሌላ ጥያቄ አላቸው። ቀድሞ ኦሞ በክረምት ሞልቶ ዳሩን ያጥለቀልቅ ነበር። ውሃው ሲሸሽ በቀረው ጭቃ ላይ ማሽላ እንዘራ ነበር። አሁን ሙላቱ እንደ ድሮው አይመጣም። ልጆች «ለምን ቀረ?» ይላሉ። ለዚህ ምን ይመለስላቸዋል?

መምህርት፦ ብዙ መምህራን ይህን ጥያቄ ያልፉታል፤ ከባድ ነው ብለው ይፈራሉ።

ባለሙያ፦ ማለፉ ስህተት ነው። እውነቱ ይነገራቸው። ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሃውን አጠራቅሞ ዓመቱን ሙሉ ስለሚለቅ የወንዙ ዓመታዊ ከፍታና ዝቅታ ተለውጧል። የሙላቱ መቅረት የወንዝ ዳር እርሻን ጎድቷል። ሙላት ግን ሁልጊዜ በረከት እንዳልነበረም ይነገራቸው፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ሙላት በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የግድቡን ውሃ መቆጣጠር የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሥራ አይደለም። የእሱ ሥራ አያቱን ጠይቆ መጻፍ ነው። ሙላቱ የመጣው በየትኛው ወር ነበር፣ መሬቱ በማን ተራ ይከፋፈል ነበር፣ ስንት ዓይነት ማሽላ ይዘራ ነበር? የማሽላው ዓይነት ዘሩ ከጠፋ ስሙም ይጠፋል። ሠላሳ ልጆች ሠላሳ ሽማግሌ ጠይቀው ያመጡት ደብተር ለወረዳው ግብርና ባለሙያም ሆነ ለጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሚጠቅም መዝገብ ነው።

መምህርት፦ ስለ ቅሪተ አካልም በዚሁ አጋጣሚ ሊነገራቸው ይገባል። በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት ዕድሜ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ መሆኑ ተገምቷል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፍየል ሲከተል ድንጋይ የሆነ አጥንት ያየ ልጅ ሳያነሳው ቦታውን አስታውሶ ለመምህሩ መናገር አለበት።

ባለሙያ፦ አለማንሳትም ተግባር ነው። ለልጆች ይህን ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

መምህርት፦ አሁን አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚመራ ይታይ። የእጅ ፓምፕ ይሁን፤ በገጠር ቀበሌ ሁሉም ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው።

ባለሙያ፦ ጥሩ ምርጫ ነው። መነሻው የልጆቹ እሮሮ ይሁን። «ውሃው ይዘገያል፤ እጃችን ይደክማል» ይላሉ። መምህርቷ ወዲያው መፍትሔ አትንገራቸው። «እንዴት እናውቃለን?» ትበላቸው። በቡድን ተከፋፍለው ለአንድ ሳምንት ይቁጠሩ። ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ሰው ውሃ እስኪወጣ ድረስ እጀታውን ስንት ጊዜ ይጫናል? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ጭነት ይሞላል? በሰልፉ ላይ ስንት ሰው አለ፤ ከእነሱ ውስጥ ልጃገረዶች ስንት ናቸው? ቁጥሩን በመስመር በመስመር ይመዝግቡ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይደምሩት፤ አማካዩን ያውጡ።

መምህርት፦ ቁጥሩ ምን ይነግራቸዋል?

ባለሙያ፦ ብዙ ይነግራል። ጠዋት ጠዋት ውሃው እስኪወጣ ብዙ መጫን ካስፈለገ ሌሊቱን ውሃው ወደ ታች ተመልሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከታች ያለው የውሃ መዝጊያ አልያዘም። ውሃው ቶሎ ወጥቶ ጀሪካኑ ግን ቀስ ብሎ የሚሞላ ከሆነ ከዘንጉ ጋር የሚወጣ የሚወርደው ጎማ አልቆ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ጥገናውን አይሠሩም፤ መካኒኩ ግን ይህን ቁጥር ይዞ ቢመጣ ፓምፑን ከመፍታቱ በፊት ምን ዕቃ እንደሚይዝ ይገምታል። ዙሪያውንም ይመልከቱ። ሲሚንቶው ተሰንጥቋል? የፈሰሰው ውሃ የት ይጠራቀማል? ከብቶች እዚያው ይጠጣሉ? ሲሚንቶው ከተሰነጠቀ እዳሪ ያለበት የተጠራቀመ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይገባል።

ሽማግሌ፦ ከብት ከፓምፑ ሥር መጠጣቱ የታወቀ ነው። ገንዳ ራቅ ብሎ ቢሠራ ከብቱም ሰውም ይጠቀማል። ለዚህ ግን የውሃ ኮሚቴው ይሰብሰብ፤ ልጆች ብቻቸውን አይችሉም።

ባለሙያ፦ አይችሉም፤ አይገባቸውምም። የእነሱ ሥራ ማሳየት ነው። በፈሰሰው ውሃ መሄጃ ላይ ቦይ መቆፈር፣ ፓምፑን በእሾህ አጥሮ ለሰው መግቢያ መተው ግን ከወላጅ ጋር ሆነው የሚሠሩት ነው። ዕድሜም ይለይ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ ያየውን በሥዕል ያሳይ፤ ሦስተኛና አራተኛ ይቁጠር፤ አምስተኛና ስድስተኛ ይጠይቅ፣ ይጻፍ፣ ያቅርብ።

መምህርት፦ የማቅረቡ ነገር እዚህ አካባቢ ከሁሉም ይከብዳል። ልጅ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ አይናገርም።

ሽማግሌ፦ በእኛ ዘንድ ትውልድ በስሙ ይታወቃል፤ ዝሆን አለ፣ ሰጎን አለ፣ ጎሽ አለ። የአባቶች ትውልድ ባለበት ልጅ ቀድሞ አይናገርም። ይህን ሥርዓት ማፍረስ አያስፈልግም። ልጁ ለአባቱ በቤቱ ይንገር። ከዚያ ከሽማግሌዎች አንዱ በስብሰባው ላይ ጉዳዩን አንስቶ «ልጆች የቆጠሩት አለ፤ እንስማቸው» ይበል። ሽማግሌ የጠራው ልጅ ቢናገር ድፍረት አይባልም። ንግግሩም በአማርኛ አይሁን። እናቶች ያልሰሙት ነገር አይሠራም።

ባለሙያ፦ ይህ ምክር ከማንኛውም መመሪያ ይሻላል። ደብተሩ በአማርኛ ቢጻፍም ንግግሩ በኛንጋቶም ቋንቋ ይሁን። ሴቶች ልጆችም ይናገሩ፤ ከፓምፑ ጋር የሚታገሉት እነሱ ናቸው።

መምህርት፦ ከከብት ጋር ርቀው የሚሄዱ ልጆችስ? ድርቅ ሲመጣ ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል። ክበብ ተቋቁሞ አባላቱ ወደ ግጦሽ ይወጣሉ።

ባለሙያ፦ ሥራው ለእነሱ እንዲመች ተደርጎ ይታቀድ። ፕሮሶፒስ የት እንደወጣ፣ የትኛው ኩሬ እንደደረቀ፣ የታመመ እንስሳ የት እንደታየ የሚያውቀው ርቆ የሄደው ልጅ ነው። ሲመለስ ያየውን ለክፍሉ ይናገር፤ የቀረባቸው ቀናት ብቻ ሳይሆኑ ያመጣው ዕውቀትም ይቆጠርለት። ትምህርት አቋርጦ የነበረ ልጅ የሚመለሰው እዚያ የሚፈለግበት ነገር እንዳለ ሲያውቅ ነው።

መምህርት፦ ውጤት እንዴት ይሰጥ? ግብረ ገብ በጽሑፍ ይፈተናል።

ባለሙያ፦ ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ ላይ ለዚህ ይመደብ። የሚመዘነው ፓምፑ መጠገኑ አይደለም፤ እሱ በልጁ እጅ የለም። የሚመዘነው ቁጥሩ በጥንቃቄ መያዙ፣ ልጁ ለምን እንደሠራ ማስረዳት መቻሉ፣ የተሰጠውን ተራ መፈጸሙ ነው። ያልተሳካ ሥራም በሐቀኝነት ከተጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ወጪውም ከባድ አይደለም፤ ደብተር፣ እርሳስና የመምህርቷ የከሰዓት ጊዜ ነው። የመምህርቷ ጊዜ ግን በሥራ ጫናዋ ላይ መቆጠር አለበት፤ አለበለዚያ ሥራው በመጀመሪያው ዓመት ያበቃል።

ሽማግሌ፦ ልጆቹ ቆጥረው፣ ተናግረው፣ ሁላችንም ሰምተን ከዚያ ምንም ባይደረግስ?

ባለሙያ፦ ያ ከሆነ ሁለተኛ አይቆጥሩም፤ ልክም ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ሪፖርታቸውን በሚያቀርቡበት ቀን የቀበሌው ሊቀመንበርና የውሃ ኮሚቴው በቦታው ይገኙ። «ይሠራል» ቢሉ ቀኑን ይናገሩ፤ «አይቻልም» ቢሉ ምክንያቱን ለልጆቹ ያስረዱ፤ መልሱም በክፍሉ ደብተር ይጻፍ። የቀበሌው መልስ ያልተጻፈበትን ደብተር የትምህርት መምሪያው እንደ ተጠናቀቀ ሥራ መቀበል የለበትም።